ከመስመሩ የወጣው በረኛ

ይህ ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ለታዳጊ በረኞችና ለአሠልጣኞቻቸው ያደረግኩት ንግግር ነው። በጽሑፍ ስጠን ያላችሁኝ ስለበዛችሁ፣ በቃል እንዳወራሁት ትንሽ ብቻ አስተካክዬ እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን አደራችሁ!

የ2014ቱን የብራዚል የዓለም ዋንጫ ያያችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። ጥሩ። አሠልጣኞቹ ሁላችሁም ናችሁ። ጀርመንና አልጄሪያ ፖርቶ አሌግሬ ላይ ተገናኙ። ጁን 30 ነበር። አልጄሪያዎቹ ፈጣኖች ናቸው። ከጀርመን ተከላካዮች ጀርባ ረጅም ኳስ እየጣሉ ይሮጣሉ። አንዱ አጥቂ አምልጦ ብቻውን ሊደርስ ሲል ግን ከሳጥኑ ውጭ አንድ ሰው ቀድሞ ይደርሳል። ማኑኤል ኑየር ነው። አንዴ በእግሩ ይጠርጋል፣ አንዴ ተንሸራቶ ይነጥቃል፣ አንዴ በቴስታ ያወጣል። ጀርመን በተጨማሪ ሰዓት 2 ለ 1 አሸነፈች። በማግስቱ ወሬው ሁሉ ስለ በረኛው ነበር። አዲስ ዓይነት በረኛ መጣ ተባለ።

ከዚያ ጨዋታ 17 ቀን ቀደም ብሎ፣ ጁን 13፣ ቡዳፔስት ውስጥ አንድ የ88 ዓመት አዛውንት አርፈው ነበር። የዓለም ዋንጫው ገና አንድ ቀኑ ነው። ወሬው በጎል ጩኸት መሃል አለፈ። እኚህ ሰው ግን ኑየር ያደረገውን ከ60 ዓመት በፊት ያደርጉት ነበር።

ስማቸው ጁላ ግሮሺች ይባላል። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እሳቸው ነው። በወጣትነታቸው ስለሠሩት ስለማወራ፣ ኳስ ተጫዋች ስንጠራ እንደለመድነው አንተ እላለሁ። ንቀት አይደለም፤ ፍቅር ነው።

ለምን እሱን መረጥክ ትሉኝ ይሆናል። የሰፈር ኳስ ላይ በረኛ የሚሆነው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ኳስ የማይችለው ነው። ወይም ትንሹ። ወይም የደከመው። «አንተ በር ቁም!» ይባላል፣ ሁለት ድንጋይ መሃል ይቆማል። እኔ በልጅነቴ በር ስቆም ያሠለጠነን ሰው አንድ ትእዛዝ ብቻ ነበረው፤ ከበርህ አትውጣ። ኳሷ ሦስት እርምጃ ቀርታኝ እያየኋት፣ አጥቂው ደርሶ እስኪመታት እጠብቅ ነበር። ጎሉ ሲገባ ደግሞ ቁጣው የሚወርደው በእኔው ላይ ነው። ስለ ግሮሺች መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ይህ ሁሉ ትዝ አለኝ። ለእናንተም የማወራው ለዚህ ነው።

ግሮሺች በፌብሩዋሪ 4 ቀን 1926 ዶሮግ ተወለደ። ዶሮግ ሃንጋሪ ውስጥ ያለች የድንጋይ ከሰል ማዕድን ከተማ ናት። ቤተሰቡ አጥባቂ ካቶሊኮች ነበሩ። እናቱ ቄስ እንዲሆን ነበር የሚፈልጉት። ልጁ ግን በረኛ ሆነ። ለዶሮግ ከተጫወተ በኋላ ወደ ቡዳፔስት ሄደ። በ1947 የብሔራዊ ቡድኑን ማልያ ለበሰ። ከላይ እስከ ታች ጥቁር መልበስ ያዘወትር ስለነበር ሕዝቡ ጥቁሩ ግስላ አለው። ሲወረወርም፣ ከበሩ ሲፈነጠርም ላየው ስሙ ልኩ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይህቺን ጠረጴዛ ሜዳ በሏት። የውሃ ጠርሙሶቹ ተጫዋቾች ይሁኑልን።

በዚያ ዘመን አብዛኛው ቡድን በሦስት ተከላካይ ነው የሚጫወተው። መሃል ያለው ተከላካይ የተጋጣሚውን መሃል አጥቂ እንደ ጥላ ይከተላል። በረኛው ደግሞ መስመሩ ላይ ይቆማል። ኳስ ይይዛል፣ ወደ ሰማይ ይለጋል፣ አለቀ። የራስህ ተከላካይ በእግሩ የመለሰልህን ኳስ በእጅህ ማንሳት ትችላለህ። ያንን የከለከለው ሕግ የመጣው በ1992 ነው። ስለዚህ በእግሩ እንዲችል በረኛውን የሚያስገድደው ነገር አልነበረም።

የሃንጋሪ አሠልጣኝ ጉስታቭ ሸበሽ ግን ሌላ ቡድን ሠራ። መሃል አጥቂውን ናንዶር ሂደግኩቲን ወደ ኋላ ሳበው። ይኼው፣ ይህን ጠርሙስ ወደ መሃል አመጣሁት። አሁን የተጋጣሚው መሃል ተከላካይ ምን ያድርግ? ቢከተለው ኋላው ይከፈታል። ባይከተለው ሂደግኩቲ ብቻውን ኳስ ይጫወታል። በተከፈተው በኩል ሌሎቹ አጥቂዎች ፑሽካሽና ኮቺሽ ይገባሉ። ከአማካዮቹ አንዱ ዛካሪያሽ ደግሞ ወደ ኋላ ወርዶ ከመሃል ተከላካዩ ከሎራንት ጎን ይቆማል። ሌላው አማካይ ቦዢክ ከመሃል ሆኖ ያቀብላል። የመስመር ተከላካዮቹ ቡዛንስኪና ላንቶሽ ወደፊት ይወጣሉ።

አያችሁ ጠርሙሶቹን? ሁሉም ወደ ላይ ሄዱ። እዚህ ከኋላ ይህን የሚያክል ባዶ ሜዳ ቀረ። ይህን ባዶ ሜዳ ማን ይጠብቀው?

ግሮሺች ነው የጠበቀው። ከመስመሩ ወጥቶ፣ ቡድኑ ወደፊት ሲሄድ አብሮ ወደፊት እየሄደ፣ ሳጥኑ ጫፍ ላይ ቆመ። ከተከላካዮቹ ጀርባ ኳስ ስትጣል ሳጥኑን ለቆ ሮጦ በእግሩ ያወጣት ነበር። እንደ አንድ ተጨማሪ ተከላካይ ቁጠሩት። ስለ ሃንጋሪ ስናወራ የምናነሳው አጥቂዎቹን ነው። የፑሽካሽን ግራ እግር፣ የኮቺሽን ቴስታ። ትክክል ነው፣ ድንቅ ነበሩ። ግን እነዚያ ሁሉ ሰዎች እንደልባቸው ወደፊት የሄዱት ከኋላ ማን እንዳለ ስለሚያውቁ ነው። እኔ እንዲህ ነው የማምነው።

ሌላም ነገር አለ። ኳስ በእጁ ስትገባ ዝም ብሎ አይለጋም ነበር። ቀና ብሎ ያያል። ነፃ የሆነውን ሰው ፈልጎ በእጁ ወርውሮ ይሰጠዋል። ማጥቃቱ የሚጀምረው ከእሱ እጅ ነው። አንተ እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጥከው ልጅ፣ ትናንት ልምምድ ላይ ይህን ስታደርግ አይቼሃለሁ። ቶሎ ወረወርክ፣ ጓደኛህ ሳይደርስበት መሃል ሜዳ ደረሰ። ያ የማን እንደሆነ አሁን ታውቃለህ።

ይህን ስታደርጉ የሚያስፈራችሁን ነገርም ላንሳ። መስመር ላይ ቆመህ ጎል ቢገባብህ ማንም አይጠይቅህም። ወጥተህ ከሳትክ ግን መላው ስታዲየም ያይሃል። ባዶ በር ጥለህ ሄደሃል። ግሮሺችም ይህን ያውቃል። ደግሞ እንደሚባለው በጣም ተጨናቂ ሰው ነበር። እየተጨነቀም ይወጣ ነበር።

በ1952 ሃንጋሪ ሄልሲንኪ ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደች። አምስት ጨዋታ፣ 20 ጎል አገባች፣ ሁለት ብቻ ገባባት። እንግሊዞች ይህን ቡድን በአገራቸው ጋበዙት። ጨዋታው ኖቬምበር 25 ቀን 1953 ዌምብሌይ ላይ ተያዘ።

ከብሪታንያና ከአየርላንድ ደሴቶች ውጭ የመጣ ቡድን እንግሊዝን በሜዳዋ አሸንፎ አያውቅም ነበር። ሸበሽ ዝም ብሎ አልሄደም። የእንግሊዝ ኳስ ከሃንጋሪው ስለሚለይ ኳሶች ተውሶ ወስዶ ልጆቹን አለማመዳቸው። ለበረኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኳስ ሲከብድ ወይም ሲቀል እጅ ላይ ያለው ስሜት ሌላ ነው፤ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ጨዋታው ተጀመረ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሂደግኩቲ አገባ። የእንግሊዙ ስዌል አቻ አደረገ። ከዚያ ፑሽካሽ በእንግሊዙ አምበል በቢሊ ራይት ላይ ያቺን አብዶ ሠራ። ኳሷን በታኬታው ወደ ኋላ ሳባት፣ ራይት ተንሸራቶ አለፈ፣ ፑሽካሽ ዞሮ ለጋ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ 4 ለ 1 ሆነ። ጨዋታው 6 ለ 3 አለቀ፤ ሂደግኩቲ ሦስት አገባ። ከ100,000 በላይ ሰው በዓይኑ አይቷል። ግሮሺች ግን መጨረሻው ላይ ሜዳ ውስጥ አልነበረም። ተጎድቶ ወጥቶ ሻንዶር ጌለር ተክቶታል። በታሪክ ትልቁን ድል ያበሰረውን ፊሽካ የሰማው ከውጭ ሆኖ ነው። በሜይ 1954 እንግሊዞች ለብድራቸው ቡዳፔስት ሄዱ። 7 ለ 1 ተሸንፈው ተመለሱ።

እንግዲህ ወደ ስዊዘርላንዷ ከተማ ወደ በርን እንሂድ።

የ1954ቱ የዓለም ዋንጫ ስዊዘርላንድ ነው። ሃንጋሪ ከ1950 ጀምሮ አልተሸነፈችም። ደቡብ ኮሪያን 9 ለ 0፣ ምዕራብ ጀርመንን 8 ለ 3፣ ብራዚልን 4 ለ 2፣ ኡራጓይን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ፍጻሜ ገባች። ተጋጣሚዋ እንደገና ምዕራብ ጀርመን። ጁላይ 4፣ ቫንክዶርፍ ስታዲየም። ዝናብ እየዘነበ ነው። ፑሽካሽ በ8 ለ 3ቱ ጨዋታ ቁርጭምጭሚቱን ተመትቶ ገና በቅጡ አላገገመም።

ፑሽካሽ በስድስተኛው ደቂቃ አገባ። ቺቦር በስምንተኛው ደገመ። 2 ለ 0። ወዲያው በአሥረኛው ደቂቃ ሞርሎክ ተንሸራቶ ለጀርመን አንድ መለሰ። ከዚያ በ18ኛው ደቂቃ የማዕዘን ምት ሆነ። ፍሪትዝ ቫልተር አሻማ። ግሮሺች ወጣ። ጀርመናዊው ሼፈር አብሮት ዘለለ፣ ሰውነቱን አስገባበት። ኳሷ አልፋ ራቅ ብሎ የቆመው ራን ጋ ደረሰች። ራን አገባ። 2 ለ 2።

ይህችን ምስል ደጋግሜ አይቻታለሁ። በእኔ ፍርድ ጥፋት ነው። በረኛው ወደ ኳሷ እየሄደ ነው፣ ሼፈር የሚሄደው ወደ በረኛው ነው። እንግሊዛዊው ዳኛ ዊልያም ሊንግ ግን ጎሉን አጸደቀ። ግሮሺች ለዓመታት ይህን ሲከራከር ኖሯል። እኔ ግን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ሁሉ ነገሩን የሠራው በመውጣት ነበር። በሕይወቱ ትልቁ ቀንም ወጣ። መውጣቱ ትክክል ነበር። ጎሉ ግን ገባ።

ሃንጋሪዎች ቀሪውን ጊዜ አጠቁ። ቋሚ መቱ፣ አግዳሚ መቱ፤ የጀርመኑ በረኛ ቶኒ ቱሬክም በሕይወቱ እንዲህ ያዳነበት ቀን ያለው አይመስለኝም። በ84ኛው ደቂቃ ኳስ ሳጥኑ ጫፍ ላይ ራን እግር ስር ወደቀች። ወደ ግራ እግሩ አዙሮ መሬት ለመሬት ወደ ጥግ ላካት። ግሮሺች ተወረወረ፣ አልደረሰባትም። 3 ለ 2። ፑሽካሽ በመጨረሻ ደቂቃዎች አገባ ተብሎ ደስታው ሳያልቅ መስመር ዳኛው ከጨዋታ ውጭ አለ። አለቀ።

አራት ዓመት ያልተሸነፈ ቡድን በአንድ ቀን ተሸነፈ። ቡዳፔስት ውስጥ ሕዝብ ተቆጥቶ አደባባይ ወጣ። አገሪቱን የሚመራው የኮሚኒስት ፓርቲ ነው። ያ ቡድን ለመንግሥቱ መኩሪያ ነበር። አሁን ጥፋተኛ ተፈለገ።

ግሮሺች በባለሥልጣናቱ ዘንድ ድሮም የተወደደ አልነበረም። አጥባቂ ካቶሊክ ነው፣ አፉም አይያዝም። በ1949 ከአገር ለመውጣት ሞክሮ ተይዟል፤ ለጊዜው ከብሔራዊ ቡድንም ታግዷል። ከበርን በኋላ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ በስለላና በአገር ክህደት ተጠረጠረ። ከአንድ ዓመት በላይ ምርመራና ክትትል ውስጥ ቆየ። ኳስ መጫወት ተከለከለ። በመጨረሻ ማስረጃ ስላልተገኘ ክሱ ቀረ።

እስቲ አንድ አፍታ ይህን አስቡት። ዕድሜህ 28 ነው። ለበረኛ ገና ጉልምስና ነው። ዓለም ያውቅሃል። ሰኞ ተነስተህ ልምምድ ትሄድ የነበርክ ሰው ቤትህ ቁጭ ብለህ የሚጠይቁህን ሰዎች ትጠብቃለህ። ጨዋታ በሬዲዮ ይተላለፋል፤ በርህ ላይ ሌላ ሰው ቆሟል። የተከሰስክበትን ነገር አላደረግህም። በረኛ ከማንም በላይ የሚኖረው በልምምድ ነው። እግር ሩጫ አይረሳም ይሆናል፤ የእጅና የዓይን ፍጥነት ግን ሳምንት ሲቀር ይታወቅሃል። እሱ ከአንድ ዓመት በላይ ቀርቶበት፣ በ1956 ተመልሶ ብሔራዊ ቡድኑ በር ላይ ቆመ። ከዌምብሌይ ይልቅ እኔን የሚደንቀኝ ይሄ ነው።

ዕረፍት ግን አላገኘም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር የሃንጋሪ ሕዝብ ተነሳ። በኖቬምበር የሶቪየት ታንኮች ገብተው አመፁን ደፈጠጡት። የእሱ ክለብ ሆንቬድ ለአውሮፓ ዋንጫ ከአትሌቲክ ቢልባኦ ጋር ሊጫወት ውጭ አገር ነበር። ግሮሺች ቤተሰቡን ይዞ ወደ ኦስትሪያ ወጣ። ከዚያ ቡድኑ በ1957 መጀመሪያ ደቡብ አሜሪካ ሲዞር አብሮ ዞረ። ከጉዞው በኋላ ሁሉም የየራሱን መንገድ ያዘ። ፑሽካሽ ወደ ሪያል ማድሪድ፣ ኮቺሽና ቺቦር ወደ ባርሴሎና። ቦዢክ አገሩ ገባ። ግሮሺችም ገባ።

ለምን ተመለሰ? ለሰው ልብ መልስ መስጠት አልችልም። ስደት ያየ ሰው ያለበት ቤት ያደገ ሁሉ ግን ይህ ጥያቄ ቀላል እንዳልሆነ ያውቃል።

ለሆንቬድ ዳግም እንዲጫወት አልተፈቀደለትም። ታታባንያ ወደምትባል ከተማ ተላከ። እሷም የማዕድን ከተማ ናት፤ እንደ ትውልድ ከተማው። አንዳንዱ ይህን ቅጣት ብሎ ይጨርሰዋል። በእርግጥ ቅጣት ነበር። ሰውዬው ግን እዚያ አምስት ዓመት በር ላይ ቆሞ በ1958 እና በ1962 ደግሞ ለዓለም ዋንጫ ሄደ። በድምሩ ለሃንጋሪ 86 ጊዜ ተሰለፈ። ዛሬ የታታባንያ ስታዲየም በስሙ ይጠራል። የቀጡት ሰዎች ስም እዚያ ከተማ ላይ የለም።

ኳስ ካቆመ በኋላ አሠልጣኝ ሆነ። በ1960ዎቹ የኩዌትን ብሔራዊ ቡድን ሳይቀር አሠልጥኗል። የሶቪየቱ ሌቭ ያሺንም እንደ እሱ ጥቁር እየለበሰ፣ እንደ እሱ ከበሩ እየወጣ ስሙ ከፍ አለ። ያሺን የሚገባውን ክብር አገኘ፤ ቅሬታ የለኝም። ግን በረኛ ከሳጥኑ ወጥቶ መጫወትን ስናነሳ ከግሮሺች ካልጀመርን ታሪኩን ከመሃል ነው የምናወራው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ። በ1962፣ 36 ዓመቱ ላይ፣ ፌረንትስቫሮሽ ሄዶ መጫወት ፈለገ። ፌረንትስቫሮሽ በሃንጋሪ ብዙ ደጋፊ ያለው፣ አረንጓዴና ነጭ ለባሹ የቡዳፔስት ክለብ ነው። ለዚህ ክለብ መጫወት ምኞቱ ነበር። አልፈቀዱለትም። እሱም ሌላ ቦታ ሄዶ ከሚጫወት ኳስ አቆመ።

አሁንስ አንቱ ልበላቸው። 46 ዓመት አለፈ። መንግሥት ተለወጠ። ማርች 24 ቀን 2008 ፌረንትስቫሮሽ ከእንግሊዙ ሼፊልድ ዩናይትድ ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ነበረው። ክለቡ አስቀድሞ አንድ ተጫዋች አስፈርሟል። የ82 ዓመቱን ጁላ ግሮሺችን። ጨዋታው ሲጀመር ሜዳ ውስጥ ነበሩ። ጥቂት ቆይተው ተቀየሩ፤ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበላቸው። ክለቡ ያን ቀን 1 ቁጥር ማልያን ለእሳቸው ብቻ አድርጎ፣ ሌላ ተጫዋች እንዳይለብሰው አነሳው።

የፌረንትስቫሮሽን ጨዋታ በቴሌቪዥን ስታዩ በረኛውን ልብ በሉት። ዴኔሽ ዲቡስ ይባላል፣ የብሔራዊ ቡድኑም በረኛ ሆኖ ተጫውቷል። ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር 90 ነው።